«ይህ መሐመድ ማነው?»፦ ከደሴ የተገኘ የአንድ ማጣቀሻ ጉዳይ ጥናት

ሰኔ ነበር። ከጦሳ የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል። ተማሪው የማስተርስ ጽሑፉን ሊከላከል ፊታችን ቆሟል። ያጠናው ስለ ደሴ የእህል ገበያ ነው። ሦስተኛው ስላይድ ላይ ሲደርስ እንዲህ አለ፦ «መሐመድ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናቱ እንዳረጋገጠው፣ ነጋዴው የዋጋ ለውጥ የሚሰማው ከገበሬው ቀድሞ ነው።»

አጠገቤ የተቀመጠችው የውስጥ ፈታኝ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ይህ መሐመድ ማነው?» አለችው።

ልጁ ትንሽ አሰበ። «የውጭ አገር ተመራማሪ ይመስለኛል መምህርት፤ ብዙ ቦታ ላይ ሰውዬው ይጠቀሳል።»

መሐመድ አባቷ ናቸው። ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው እንጂ በዕድሜያቸው ጥናት አሳትመው አያውቁም። ጥናቱ የእሷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሰኞ በሰኞ፣ ሰኞ ገበያ ወርዳ የጤፍና የማሽላ ዋጋ የመዘገበችው እሷ ናት። ልጁ ደግሞ የእሷ ተማሪ ነው። ሁለት ኮርስ አስተምራዋለች። በስሟ ነው የሚጠራት። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው ከፊቱ ከተቀመጠችው ሴት ጋር የሚያገናኝለት ምንም ነገር አልነበረም።

እሷ አልተቆጣችም። «እሺ ቀጥል» አለችው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ከዚያ ቀን በኋላ ሁለታችን ነገሩን ተከታትለን ያገኘነውን ለማካፈል ነው። ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። ስሟን ግን አልጠራም። ስለ ስም መጥፋት በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ስሟን መተው ይከነክነኛል። የማዕረግ እድገቷ ጉዳይ ገና ስላላለቀ እንዲህ ይሻለኛል ያለችው ራሷ ናት። የምናስተምርበትንም ቦታ አላነሳም።

ስሙ እንዴት ጠፋ

መጀመሪያ ያየነው ልጁን ነው። ሰነፍ አይደለም። ጽሑፏን ግን አላነበበውም። ዓረፍተ ነገሩን ያገኘው ሌላ ሰው ጽሑፍ ውስጥ ነው፤ ማጣቀሻውንም እንዳለ ገልብጦ አመጣው። ይሄ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነገር ነው። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ስህተቱን ይቀዳል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይቀዳል። ጽሑፏን አንድ ጊዜ ቢከፍተው ኖሮ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሙሉ ስሟን ያገኘው ነበር።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄድን። ሦስት የታተሙ ጽሑፎች አሏት። የመጀመሪያውን የላከችው ለአንድ የውጭ ጆርናል ነው። የመላኪያው ፎርም ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ «የመጀመሪያ ስም»፣ ሌላው «የቤተሰብ ስም» ይላል። ሁለተኛው ላይ ቀይ ኮከብ አለ። ባዶ ከተውሽው አያሳልፍም። የአባቷን ስም ሞላች። ምን ታድርግ? ሁለተኛውን የላከው አብሯት የጻፈው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ሦስት ስም ስለተጠየቀ የአያቷን ስም የቤተሰብ ስም አደረገው። ሦስተኛው እዚሁ አገር ውስጥ ነው የታተመው። ጆርናሉ ስሟን በትክክል፣ በእኛ ቅደም ተከተል አወጣው። የኢንተርኔት መፈለጊያው ግን ራሱ ገለበጠው።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራሳችን ስም አለ፣ ቀጥሎ የአባት ይመጣል፣ ካስፈለገ ደግሞ የአያት። የሰውዬው ስም የመጀመሪያው ነው። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የሚጠሩን በእሱ ነው። ተማሪም፣ ጎረቤትም፣ ቀበሌም በእሱ ነው የሚያውቀን። የአባት ስም የማን ልጅ እንደሆንን ይናገራል እንጂ እኛን አይጠራም። አይስላንዶችም እንዲሁ ናቸው፤ የስልክ ማውጫቸው ሳይቀር የሚደረደረው በራስ ስም ነው። እኛም ዘንድ ቢሆን ደንቡ አዲስ አይደለም። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ነው የሚደረድረው። ጀርመን አገር የሚታተም ሥራ ለስማችን ይህን ያህል ከተጠነቀቀ ደሴ ላይ የሚጻፍ ቴሲስ የማይጠነቀቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ወሎ ላይ ነገሩ ይብሳል። ፒያሳ መሐል ቆመህ «መሐመድ!» ብትል ስንቱ ዞሮ እንደሚያይህ አስበው። አሕመድ፣ ሰይድ፣ ሁሴን፣ አሊ፣ ይማም፣ እነዚህ ስሞች እያንዳንዱ ቤት አሉ። የራስን ስም ወደ አንድ ፊደል አሳጥረህ የአባትን ስም ፊት ስታመጣው አምስት የተለያዩ ሰዎች አንድ ሰው ይሆናሉ። አንዷ ሴት ደግሞ፣ እንዳየነው፣ ሦስት ሰው ትሆናለች። በዚያ ላይ የላቲን አጻጻፉ አለ። መሐመድ በአንዱ ጋ በ«ኦ»፣ በሌላው በ«ኡ»፣ አንዴ በአንድ «ም»፣ አንዴ በሁለት ይጻፋል። የደሴም የወሎም አጻጻፍ እንዲሁ አንድ አይደለም። ኮምፒውተር ደግሞ «ይሄ እንኳ ያው ነው» ብሎ አያልፍም።

የታሪክ ምሁሩን ሁሴን አሕመድን ውሰዱ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ላይደን ታትሟል። ስለ ወሎ የሚጽፍ ሰው ሳይጠቅሰው ማለፍ ይከብደዋል። አንዱ ዝርዝር ውስጥ «ሁሴን አሕመድ» ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፤ ሌላው ጋ «አሕመድ፣ ሁ.»። የትኛው አሕመድ? እንዲህ የታወቁ ሰው ይህ ከደረሰባቸው ገና ሦስት ጽሑፍ ያላት መምህርት ምን ይደርስባት?

የደረሰባት ይሄ ነው። ለረዳት ፕሮፌሰርነት ስታመለክት ምን ያህል እንደተጠቀሰች የሚያሳይ ወረቀት እንድታያይዝ ተጠየቀች። ስሟ ሲፈለግ የወጣው አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ የሌላ ሰው መሰሉ። ዛሬ በየቦታው የሚጠየቀው፣ የተመራማሪ ሥራ ምን ያህል እንደተጠቀሰ የሚለካው ኤች-ኢንዴክስ የሚባል ቁጥር፣ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ሦስት ጽሑፍ ቢኖረውና እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጊዜ ቢጠቀሱ ቁጥሩ 3 ይሆናል። ያንኑ ሰው ሦስት ቦታ ከከፈልከው ለእያንዳንዱ ስም የሚደርሰው 1 ነው። ሥራው አልቀነሰም፣ የጠቀሰውም ሰው አልቀነሰም። የተበተነው ስሙ ብቻ ነው።

«እሱ» መባሏም ሌላ ነገር ነው። መሐመድ ሲባል አንባቢው ወንድ ያስባል፤ አይፈረድበትም። ግን በዚያ «እሱ» ምክንያት፣ ገበያ ወርዳ ከነጋዴ ጋር ስትከራከር የዋለች ሴት ከወረቀቱ ላይ ትጠፋለች። ኋላ የሚመጡት ልጃገረዶች የዘርፉን ማጣቀሻ ሲያገላብጡ አንድም ሴት ያለች አይመስላቸውም። እኔን ከሁሉም በላይ ያመመኝ ይሄ ነው።

እኛም አለንበት

አንድ ቅዳሜ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተቀመጥን። ላፕቶፕ ከፍተን የራሳችንን ጽሑፎች ማጣቀሻ መስመር በመስመር አየን። አቦሉ ሳያልቅ ነው ያፈርኩት።

የእኔ የማስተርስ ጽሑፍ ላይ «ራህማቶ (1991) እንደሚለው» የሚል ስድስት ቦታ አለ። ሰውየው ደሳለኝ ናቸው። ራህማቶ አባታቸው ናቸው። ደሳለኝ ራህማቶ የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ገበሬ ረሃብን እንዴት እንደሚቋቋም ያጠኑ ሰው ናቸው፤ መጽሐፋቸው የወጣው ኡፕሳላ ነው። ሬዲዮ ላይ ሲናገሩ «አቶ ደሳለኝ» ሲባሉ ሰምቻለሁ። ወረቀት ላይ ስደርስ ግን እጄ ራሱ ገለበጣቸው። ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ያለውን የገጠር ረሃብ ያጠኑትን መስፍን ወልደማርያምንም «ወልደማርያም» ብያቸዋለሁ። በአማርኛ ባወራ እንዲህ የምላቸው ይመስላችኋል?

ከዚያ አማርትያ ሴን አለ። የህንዱ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ወሎው ረሃብ አንድ ምዕራፍ አለው። በ1965 እና 66 ዓ.ም. ሰው እየረገፈ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር ይላል። እህልም ከወሎ ይወጣ ነበር። ሰው የሞተው የሚገዛበት አቅም ስላጣ ነው የሚል ነው ክርክሩ። ትልቅ ሥራ ነው፣ መጠቀሱም ይገባዋል። እሷም ጠቅሳዋለች፣ እኔም ጠቅሼዋለሁ። ዓለም የደሴን ገበያ የሚያውቀው በዚያ ምዕራፍ ነው።

ግን እሷ የራሷን ዝርዝር እያየች ድንገት ዝም አለች። «አንድ ሰው ጎድሏል» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበያ ላይ እህል በኪሎ ብቻ አይሸጥም። በጣሳም በቁናም ይሰፈራል። የአንዱ ቁና ከሌላው አይገጥምም። ከምሮ ሲሰፈር አንድ ነው፣ በእጅ ጠርጎ አስተካክሎ ሲሰፈር ሌላ ነው። ዋጋ ለማወዳደር መጀመሪያ መስፈሪያው በኪሎ ስንት እንደሆነ ማወቅ አለብህ። ይህን ሥራ ከእሷ በፊት የሠራ አንድ ልጅ ነበር። በ2009 ዓ.ም. በጻፈው የማስተርስ ጽሑፍ፣ ሚዛን ተሸክሞ ከነጋዴ ነጋዴ እየዞረ፣ የደሴንና የኮምቦልቻን መስፈሪያዎች አንድ በአንድ መዝኗል። ጽሑፉ ላይብረሪ ውስጥ አለ። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን፣ የወርቅ ቀለም ጽሑፉ ግማሹ የለቀቀ። አባሪው ላይ በእጅ የተሞላው ሰንጠረዥ ፎቶኮፒ አለ፤ አንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ የዘይት ጠብታ አርፎበታል። ያለ እሱ ሰንጠረዥ የእሷ ጥናት አይቆምም።

በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ጠቅሳው ነበር። ጆርናሉ ጽሑፏን እንዲመረምር የሰጠው ገምጋሚ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ «ያልታተመና ያረጀ ምንጭ ነው፤ ይውጣ።» ሁለተኛ፣ አራት «የቅርብ ጊዜ ዓለም አቀፍ ጥናቶች» ይጨመሩ። ከአራቱ ሦስቱ የአንድ ሰው ሥራዎች ነበሩ። ገምጋሚው ራሱ ይሆን አይሆን አላውቅም፤ ስሙ አይነገርም። «ያረጀ» የተባለው ደግሞ በእሷው ስህተት ነው። ዓመቱን «2009» ብላ ብቻ ጻፈችው። «ዓ.ም.» የሚለውን አልጨመረችም፣ ወደ እነሱም አቆጣጠር አልመለሰችውም። የሁለት ሦስት ዓመት ጽሑፍ ፈረንጁ ዘንድ የአሥር ዓመት ሆነ።

እሷም ጨነቃት። ጽሑፉ እንዲታተም ትፈልጋለች። አራቱን ጨመረች፣ የልጁን ስም አወጣች። ቁጥሮቹን ግን ማውጣት አትችልም። እናም በቦታው እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «በአካባቢው በሚታወቀው መሠረት አንድ ቁና…»

በአካባቢው በሚታወቀው! ይህን ሐረግ ደጋግሜ አነበብኩት። የአንድ ሰው የወራት ድካም የአገር ወሬ ሆነ። ማንም ያላገኘው፣ ዝም ብሎ እዚያ የነበረ ነገር መሰለ። ስንት የሰው ሥራ በዚህ ሐረግ ውስጥ ተቀብሮ ይሆን?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፤ ለእሷም ያን ቀን ነግሬያታለሁ። ሮበርት መርተን የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ስም ያለው ተመራማሪ ለሠራው ሥራ የበለጠ ምስጋና ያገኛል፣ ስም የሌለው ያንኑ ቢሠራም ይረሳል ይላል። ይህንን የማቴዎስ ክስተት አለው። ስያሜውን የወሰደው ከማቴዎስ ወንጌል ነው፤ ላለው ይጨመርለታል፣ ከሌለው ያው ያለው ይወሰድበታል ከሚለው። የጽሑፉ መነሻ ግን ሃሪየት ዙከርማን የተባለች ተመራማሪ ከኖቤል ተሸላሚዎች ጋር ያደረገቻቸው ቃለ መጠይቆች ናቸው። ጽሑፉ የወጣው በመርተን ስም ብቻ ነው። ኋላ ላይ እሱ ራሱ፣ የሁለታችን ተብሎ መውጣት ነበረበት ሲል ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1993 ማርጋሬት ሮሲተር የተባለች የታሪክ ምሁር የሴቶች ሥራ ለወንዶች የሚሰጥበትን ልማድ የማቲልዳ ክስተት ብላ ሰየመችው። የዙከርማንንም ነገር አንስታለች። ምስጋና እንዴት እንደሚጠፋ ያጠና ሰው ራሱ ምስጋና ካጠፋ፣ ጨንቋት አንድ ስም ያወጣችን ወጣት መምህርት ለመኮነን አፌ አይደፍርም። የገረመኝ የተበደለችበትም የበደለችበትም ጽሑፍ አንድ መሆኑ ነው።

ሰውየውን ፍለጋ

ስልኩን ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጀ። ዛሬ ከደሴ ወጣ ባለች ወረዳ የግብርና ባለሙያ ነው። እሷ ደወለች፣ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረችው። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አብሽሪ እህቴ» አላት። «እኔ እንኳ ረስቼው ነበር።» ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ግን እስከ አባሪው አነበብሽው?» አላት። አዎ ስትለው ሳቀ። ከተከላከለበት ቀን ጀምሮ ያንን ጽሑፍ ከፍቻለሁ ያለው ሰው እሷ የመጀመሪያዋ እንደሆነች ነገራት። ሚዛኑን የተዋሰው ከአጎቱ ሱቅ እንደነበረም፣ አንድ ነጋዴ የመንግሥት ሰላይ መስሎት እንዳባረረውም አወራን። ይሄ የትም አልተጻፈም።

ያደረግነው

ለጆርናሉ የማረሚያ ደብዳቤ ጻፈች። «በአካባቢው በሚታወቀው መሠረት» የሚለው ወጥቶ የልጁ ሥራ እንዲጠቀስ ጠየቀች። አዘጋጁ ያልታተመ ጽሑፍ ቢሆንም መረጃው ከዚያ እስከመጣ ድረስ መጠቀስ አለበት ብሎ ተስማማ። ቀድሞውንም ለአዘጋጁ በትህትና አስረድታ ቢሆን ስሙ አይወጣም ነበር ማለት ነው። ገምጋሚ የሚለው ሁሉ ትእዛዝ አይደለም። ይህን ለወጣት መምህራን ማንም አይነግራቸውም፤ እኔም ለብዙ ዓመት አላወቅሁትም።

የራሷን ስም ለመሰብሰብ ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አኃዝ መለያ አወጣች። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ክፍያም የለውም። ስምህ በስንት ዓይነት ቢጻፍ ቁጥሩ አንድ ነው። የተበተኑ ስሞችን ሁሉ እዚያ ማስመዝገብ ይቻላል። የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ የሆነው ጉግል ስኮላር ላይም ሦስቱን ጽሑፎች በእጇ አንድ ገጽ ላይ አመጣቻቸው።

ለተማሪዎቻችን ደግሞ ማጣቀሻ የሚያደራጁትን ሶፍትዌሮች ማሳየት ጀመርን። ዞቴሮ ላይ ከደራሲው ስም አጠገብ ሁለቱን ሳጥን አንድ የሚያደርግ ትንሽ ምልክት አለ። እሱን ተጭኖ ሙሉ ስሙን በቅደም ተከተሉ መጻፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ አይገለብጠውም። ኢንድኖት ለሚጠቀም፣ ከሙሉ ስሙ መጨረሻ ላይ አንድ የላቲን ኮማ ማስቀመጥ ይበቃል። ቢብቴክ የሚጠቀሙት የኢንጂነሪንግ ልጆች ስሙን በተጨማሪ የጥምዝ ቅንፍ ያቅፉታል። ይኸው ነው። እኔ ለዓመታት የአገር ችግር አድርጌ ያየሁት ነገር አንድ ምልክት መጫን ነበር።

ሁሉም ሰው ግን አልተስማማንም። በዕድሜም በትምህርትም የምናከብራቸው አንድ ጋሼ፣ «ልጆቼ፣ ዓለም በለመደው ካልጻፋችሁ ማን ያገኛችኋል?» አሉን። እሳቸው 30 ዓመት በአባታቸው ስም ነው ያሳተሙት። ዛሬ ቢቀይሩት ያለፈው ሥራቸው ይበተናል። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ እሳቸውን ስንጠቅስ በመረጡት ስም ነው የምንጠቅሳቸው። ምርጫው የባለ ስሙ ይሁን ነው የእኔ አቋም። የአባቱን ስም መርጦ የያዘ ሰው አለ፣ እናከብርለታለን። እሷ ግን አልመረጠችም። ፎርሙ ነው የመረጠላት።

ከታረመው ጽሑፍ አንድ ኮፒ አትማ ኮምቦልቻ ወሰደች። እኔም ሐረጎን አብሬያት ወረድኩ። አባቷ የስፌት መኪናቸውን አቁመው መነጽራቸውን አደረጉ። «አባባ፣ እስቲ እዩት» አለቻቸው። እንግሊዝኛ አያነቡም። ስማቸውን ግን በላቲንም ያውቁታል። በጣታቸው መስመሩን ተከትለው የእሷን ስም ቀድሞ፣ የራሳቸውን ተከትሎ አገኙት። «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ፣ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ያ ተማሪ ጽሑፉን አርሞ ካስረከበ ሰነበተ። የግብርናው ሰው ባለፈው ወር ደሴ መጥቶ ነበር። ሸዋ በር ቡና ጠጣን። አሁን አብረው አንድ ጽሑፍ እየጻፉ ነው፣ ስለ መስፈሪያዎቹ። እሷ ማስታወሻ ደብተሯን ገፋ አደረገችለትና ስሙ በላቲን እንዲጻፍ የሚፈልገው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። ማንም ጠይቆት አያውቅም። አንዴ ጻፈ፣ ሰረዘው። ሁለተኛውን ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት።